ለኦንላይን ጌም የገዛሁት የ4ጂ ራውተር፦ ደሴ ላይ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ራውተር የገዛሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ፐብጂ ሞባይልን በስልክ፣ የእግር ኳስ ጌም ደግሞ በፕሌይስቴሽን 4 ስንጫወት ግንኙነቱ እየተቆራረጠ መሀል ላይ እንወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ የምንጠቀመው የስልክ ሆትስፖት ነው። ራውተሩ ሲም ካርድ የሚቀበል የ4ጂ ካት 6 (የ4ጂ የፍጥነት ደረጃ ነው) ዓይነት ሲሆን፣ የሚነቀሉ ሁለት አንቴናዎች፣ የኬብል ማስገቢያዎችና በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ አለው። ካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመው «በሰከንድ 300 ሜጋ ቢት» የሚለው ቁጥር ነው። ከበልግ ጀምሬ፣ ክረምቱንም ጨምሮ ስጠቀምበት እንዳየሁት፣ ለጌም ተጫዋች ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያለው ይኸው ቁጥር ነው።

የተኩስም ሆነ የኳስ ጌም በኦንላይን ሲጫወቱት የሚወስደው ዳታ በአብዛኛው በሰዓት ከ150 ሜጋ ባይት አይበልጥም፤ ፓኬጅ የሚጨርሰው ጌሙን ማውረድና አፕዴት ማድረግ ነው። ጨዋታውን የሚወስነው መረጃው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ማለትም ፒንግ፣ ከዚያም በላይ የፒንጉ አለመዋዠቅ ነው። ሳይነቃነቅ 90 ሚሊ ሰከንድ ላይ የሚቆይ መስመር፣ አንዴ 60 አንዴ 300 ከሚል መስመር እጅግ ይሻላል። አብዛኞቹ ፈጣን ጌሞች መረጃቸውን የሚልኩት በዩዲፒ፣ መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ ስልት፣ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ የጠፋውን ቁራጭ ማንም መልሶ አይልከውም፤ ጌሙ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል፣ ግምቱ ሳይሰምር ሲቀር ደግሞ ሲሮጥ የነበረው ተጫዋች ወደ ኋላ ተስቦ ሌላ ቦታ ላይ ይታያል። እኛ ላግ የምንለው ይህንን ነው።

ከፍተኛውን ለውጥ ያመጣው ራውተሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ደሴ ከጦሳ ግርጌ በተራሮች መሀል የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች፣ ተዳፋት ላይ ያለ ቤት አንዱን የኔትወርክ ማማ ፊት ለፊት ሲያየው ሌላው በኮረብታ ይጋረድበታል። ቤታችን የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው፤ ሁለቱም ሲግናልን ይገታሉ። እናቴ ራውተሩን የቴሌቪዥኑ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ፈልጋ ነበር፣ ለዓይንም የሚያምረው እዚያ ነበር። ሆኖም የራውተሩን የቅንብር ገጽ ከፍቼ ስመለከት የሲግናሉ ጥንካሬ፣ አርኤስአርፒ የሚባለው፣ -112 ዲቢኤም አካባቢ ነበር (ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል)፤ ኤስአይኤንአር የሚባለው፣ ሲግናሉ ከሁከቱ፣ ማለትም ከሚረብሹት ሌሎች ሞገዶች፣ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ ከ2 ዴሲቤል አይዘልም። ራውተሩን ወደ ማማው በሚያይ መስኮት ደፍ ላይ አድርጌ፣ ጥቂት ባዞርኩት ቁጥር ቆም እያልኩ ገጹን ሳነብ፣ አርኤስአርፒው -98፣ ኤስአይኤንአሩ ደግሞ 12 ላይ ረጋ። ስልክ ላይ የሚታየው የኔትወርክ ባር ይህን ልዩነት አይናገርም፤ ባሩ ሙሉ ሆኖ ሁከቱ ከበዛ ጨዋታው መቆራረጡ አይቀርም። ስለዚህ አርኤስአርፒውና ኤስአይኤንአሩ ከተጋጩብኝ ሁልጊዜ የምመርጠው ኤስአይኤንአሩ ከፍ የሚልበትን ቦታ ነው።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ተመሳሳይ ራውተር ገዝቶ የትም ቢያስቀምጠው ይሠራለታል። እኛ ዘንድ ግን ከፍታው ሌላም ችግር አለው፤ መሣሪያው ከአንድ በላይ ማማ ስለሚያይ፣ ጨዋታ መሀል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ፒንጉ ለጥቂት ሰከንዶች ሰማይ ይነካል። መፍትሔው ራውተሩ የሚጠቀምበትን ፍሪኩዌንሲ፣ ባንድ የሚባለውን፣ በእጅ መምረጥ ሆነ። ዝቅተኛው ባንድ ግድግዳን አልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለሚሻማበት ምሽት ላይ ይጨናነቃል። እኔ 1800 ሜጋ ኸርዙ ላይ ከቆለፍኩት ወዲህ መዝለሉ በአመዛኙ ቀርቷል።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት በኮምፒዩተር መጀመሪያ ራውተሩን ራሱን (የእኔው አድራሻ 192.168.1.1 ነው) ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም መልስ እስኪሰጥ የሚፈጅበትን ጊዜ መለካት ይበቃል። መልሱ ከጥቂት ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ ጥፋቱ የኔትወርኩ ሳይሆን የቤቱ ዋይፋይ ነው። በእኛ ቤት በከፊል ይኸው ነበር። ራውተሩ ሁለቱን የዋይፋይ ባንዶች በአንድ ስም ስለሚያሰራጭ፣ ስልኩ ጨዋታ መሀል ከ5 ወደ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ይሻገራል። ስማቸውን ለየብቻ አድርጌ የጌሙን ስልክ 5 ላይ ብቻ አስቀረሁት፤ ፕሌይስቴሽኑን ደግሞ በኬብል አገናኘሁት። ለኬብሉ ያወጣሁት ገንዘብ በዚህ ጉዳይ ካወጣሁት ሁሉ ትንሹ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከብዙዎቹ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላም ማታ ማታ የሚመጣ አንድ ችግር ቀረ። እህቴ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ስትጭን ፒንጉ በድንገት ከ400 በላይ ይደርሳል። ወፍጮ ቤት ኩንታሎች ያራገፈ ሰው ከፊት ከተሰለፈ፣ አንድ ቁና ይዞ የመጣውም ተራው እስኪደርስ መቆም እንዳለበት ሁሉ፣ የጌሙ ጥቃቅን መረጃዎችም ከቪዲዮው ኋላ ይሰለፋሉ። በራውተሩ ላይ የሌሎቹን መሣሪያዎች የመላኪያ ፍጥነት መስመሩ ከሚችለው ዝቅ አድርጌ ስገድብ ሰልፉ ከሥሩ ተቃለለ። የእህቴ ቪዲዮ ለመጫን ትንሽ ይዘገያል፤ እርሷም ይህን አውቃ ተስማምታለች። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ የሚመጣውን መጨናነቅ ግን በቤት ውስጥ ቅንብር ማስተካከል አይቻልም፤ ያን ጊዜ ሞልቶ የሚሰለፈው ማማው ነው፣ እኛም ጨዋታውን ወደ ሌሊቱ እንገፋዋለን።

ክረምት ላይ ሰው ሁሉ መቆራረጡን በዝናቡ ያመካኛል። የ4ጂ ሞገድ ዝናብ ብዙም አይበግረውም፤ ዝናብ የሚጎዳው ማማን ከማማ የሚያገናኙትን፣ በጣም ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩትን የማይክሮዌቭ መስመሮች ነው። በእኔ ቤት ግን ክረምቱን ያከበደው የመብራት መጥፋት ነበር። መብራት ለአፍታ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ እንኳ ራውተሩ ተነሥቶ ኔትወርክ እስኪይዝ ጨዋታው ያልቃል። ለዚህ ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ፣ ገዛሁ፤ ቮልቴጁ ከራውተሩ አዳፕተር ጋር አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ መሰካት አይገባም።

ራውተሩ ሊያሸንፋቸው የማይችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ እያንዳንዱ 1000 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ ቢያንስ 10 ሚሊ ሰከንድ ያስከፍላል። የጌም ሰርቨሮች ካሉባቸው ከተሞች፣ ከደሴ ዱባይ በቀጥታ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ፍራንክፈርት ደግሞ ከ5000 በላይ ነው፤ ገመዱ በቀጥታ ስለማይሄድ እውነተኛው ጉዞ ከዚህ ይረዝማል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች አልፎ ነው ባሕር የሚገባው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር እንደሆነው ገመድ ሲበጠስም ትራፊኩ ዞሮ ለመሄድ ይገደዳል። ስለዚህ ጌሙ ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ መካከለኛው ምሥራቅን መምረጥ ከማንኛውም «ጌም ቡስተር» አፕ ይበልጣል። ዲኤንኤስ መቀየርም በጨዋታ ላይ ፒንግን አይቀንስም፤ ዲኤንኤስ የሰርቨሩን አድራሻ ፈልጎ ካገኘ በኋላ በጨዋታው ውስጥ ድርሻ የለውም።

ሁለተኛው የአድራሻ እጥረት ነው። ፕሌይስቴሽኑ «ናት ታይፕ 3» (ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር በቀጥታ መገናኘት ተገድቧል ማለት ነው) እያለ ከጓደኞቻችን ጋር በድምፅ መነጋገር አልቻልንም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች በቀጥታ የሚገናኙባቸው ጨዋታዎችም እምቢ አሉ። ጌሙ ራውተሩን በራሱ በር እንዲያስከፍት የሚፈቅደውን ዩፒኤንፒን ከፈትኩ፣ ፖርትም፣ ማለትም መረጃ የሚገባበትን በር፣ በእጅ ከፈትኩ፣ የተለወጠ ነገር የለም። ምክንያቱ የተገኘው ራውተሩ ከኔትወርኩ የተቀበለውን አድራሻ ስመለከት ነው። አድራሻው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ነበር፤ ይህ ክልል የአገልግሎት ሰጪዎች አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ለማካፈል እንዲጠቀሙበት የተመደበ ነው። በሩ የሚዘጋው ከቤታችን ውጭ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚከፈት ፖርት አይደርስለትም። የራሳቸው ሰርቨር ያላቸው ጌሞች፣ ፐብጂን ጨምሮ፣ በዚህ አይቸገሩም። ለፕሌይስቴሽኑ ሲባል ግን ከሌላ ደንበኛ ጋር የማይጋራው የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ያለው የፋይበር መስመር ለማስገባት እየጠየቅሁ ነው፤ ራውተሩ ለስልኮቹ ይቀራል።

በራሱ በመሣሪያው ላይ ያለኝ ቅሬታ ጥቂት ነው። ሶፍትዌሩ ሲታደስ የቆለፍኩትን ባንድ ወደ አውቶማቲክ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ጨዋታው ያለ ምክንያት ከተበላሸ መጀመሪያ የማየው ያንን ነው። አንድን ማማ ለይቶ መቆለፍም አይቻልም፣ ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ይህን ዓይነት ራውተር ለጌም የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ እያለ ሲሙን አስገብቶ የቅንብር ገጹን ያስከፍት፤ ኤስአይኤንአርን የማያሳይ፣ ባንድ የማያስመርጥና የየመሣሪያውን ፍጥነት የማይገድብ ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሜጋ ቢት የቱንም ያህል ቢሆን ሌላ ይፈልግ።