ባላትሮ ከስምንት ወር በኋላ፦ ለኮንከር ተጫዋች ይሆናል?

የካርታ ጨዋታውን ኮንከር የለመደ ሰው ባላትሮ የሚባለውን የኮምፒውተርና የስልክ ካርታ ጨዋታ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያሳስተው ጆከሩ ነው። ኮንከር ላይ ጆከር የጎደለውን ካርታ ይተካል። ባላትሮ ላይ ግን ጆከር እጅ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ተደርድሮ የነጥቡን ሕግ ራሱን ይቀይራል። 150 ዓይነት ጆከር አለ፤ በአንድ ጊዜ የሚያዘው ግን በመደበኛው አምስት ብቻ ነው። ይህንን ልዩነት ቶሎ የገባው ሰው ጨዋታውን ይወደዋል፤ ያልገባው ሁለት ቀን ሞክሮ ያጠፋዋል።

ጨዋታውን የሠራው አንድ ካናዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በኮምፒውተር፣ በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ በስልክ ወጣ። እዚህ ያለው አስተያየት በድሬዳዋ ስምንት ወር በስልክ ከመጫወት የመጣ ነው። ተቃራኒ ተጫዋች የለም፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ጨዋታው አይቋረጥም። ስልኩ ቢዘጋም ሲከፈት ከጀመሩት ይቀጥላል።

አካሄዱ ይህ ነው። የታወቀው ባለ 52 ካርታ ይበወዝና ስምንት ካርታ ይታደላል። ከስምንቱ እስከ አምስት መርጦ ያወርዳሉ፣ ወይም እስከ አምስት ጥለው ሌላ ይስባሉ። መጀመሪያ በሚሰጠው ቀዩ የካርታ ክምር (ሬድ ዴክ) በየዙሩ አራት ጊዜ ማውረድ፣ አራት ጊዜም መጣል ይፈቀዳል። የመጀመሪያው ዙር 300 ነጥብ ይጠይቃል። ሁለተኛው 450፣ ሦስተኛው፣ የራሱ እገዳ ያለው የአለቃው (ቦስ) ዙር፣ 600 ነው። ሦስቱ ዙሮች አንድ ደረጃ ናቸው፤ ስምንት ደረጃ ያለፈ አሸነፈ። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ያለው አለቃ አብዛኛውን ጊዜ 100,000 ይጠይቃል። ከ300 ተነስቶ እዚያ የሚያደርሰው የካርታው ዕድል ብቻ አይደለም፤ በየዙሩ መሐል ከሚከፈተው ሱቅ የሚገዛው ነገር ነው።

ነጥቡ እንዴት እንደሚመጣ አንድ እጅ ይበቃል። አስ፣ ንጉሥ፣ 9፣ 7 እና 3 በሙሉ ቀይ ልብ ሆነው ወረዱ እንበል። አምስት አንድ ዓይነት፣ ማለትም ፍለሽ፣ መነሻው 35 ነጥብና ማባዣ 4 ነው። አስ 11፣ ንጉሥ 10 ይቆጠራሉ፤ ከ9፣ ከ7ና ከ3 ጋር 40 ይሆናሉ። 35 እና 40 ሲደመር 75፣ በ4 ሲባዛ 300። የመጀመሪያው ዙር በአንድ እጅ አለቀ። በሁለት ንጉሥ ጥንድ ቢሆን ኖሮ መነሻው 10 እና ማባዣ 2 ነው፤ 30 በ2፣ 60 ብቻ።

ታዲያ አራት ቀይ ልብ ይዞ አምስተኛውን መጠበቅ ያዋጣል? ኮንከር ላይ የወደቀውን ካርታ የሚቆጥር ሰው መልሱን በእጁ ያውቀዋል፤ እዚህ ደግሞ የካርታውን ክምር ነካ ሲያደርጉት የቀረው በሙሉ ይታያል። አራቱን ይዞ ሌሎቹን አራት ቢጥሉ፣ ከቀሩት 44 ካርታዎች 9ኙ ቀይ ልብ ናቸው። በመጀመሪያው መጣል የመምጣት ዕድሉ 61 በመቶ ነው። ሁለተኛ ሲጨመር 87፣ ሦስተኛ ሲጨመር 96 በመቶ ይደርሳል። ለዚህ ነው ለጀማሪ ፍለሽ ከሁሉ የሚቀለው። ጁፒተር የሚባለው የፕላኔት ካርታ ሲገዛ ደግሞ የፍለሹ መነሻ በ15 ነጥብና በ2 ማባዣ ያድጋል፤ ለዚያ ሙሉ ጨዋታ ያድጋል።

ከጠረጴዛው ይዘን የምንመጣቸው ልማዶች ግን ያስከፍላሉ። ነጥብ በሚቆጠርበት ጠረጴዛ ትልቅ ካርታ ሸክም ስለሆነ ቶሎ ይጣላል፤ እዚህ ትልቁ ካርታ ሀብት ነው። ሦስት ተከታታይ ይዞ መደሰትም የለም። ተከታታይ አምስት ካልሆነ ምንም ነው፤ በሌላ በኩል አንድ ዓይነት መሆን አያስፈልገውም፤ 5 ስፔድ ከ6 አበባ ጋር ይሄዳል። ሦስተኛው ስህተት ጥንድ ብቻ ማውረድ ነው። ሁለት ካርታ አውርደው ሦስቱን ቦታ ባዶ ከሚተዉ፣ የማይረቡ ሦስት ካርታዎችን አብረው ያውርዱ። ነጥብ አይጨምሩም፤ ግን መጣል ሳይቆጠርባቸው ከእጅ ይወጣሉ፣ በምትካቸውም አዲስ ይገባል።

ገንዘቡ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነውና። ጨዋታው በ4 ዶላር ይጀምራል (የጨዋታ ገንዘብ ነው)። ዙር ሲያልቅ በእጅ ላለው ለእያንዳንዱ 5 ዶላር 1 ዶላር ወለድ ይከፈላል፤ ጣሪያው 5 ዶላር ነው። ስለዚህ 25 ዶላር ይዞ የሚቀመጥ ሰው በአንድ ደረጃ ውስጥ 15 ዶላር በነጻ ያገኛል። ሱቁን ማደስ በ5 ዶላር ይጀምርና በዚያው ሱቅ ላይ በደገሙት ቁጥር በ1 ዶላር ይወደዳል። ጀማሪ በሁለተኛው ደረጃ ሱቁን ሦስቴ ያድሳል፤ 5፣ 6፣ 7፣ በድምሩ 18 ዶላር ሄደ። ከዚያ ጥሩ ጆከር ሲወጣ የሚገዛበት የለውም። መጀመሪያ ነጥብ የሚያመጣ አንድ ጆከር ይግዙ፣ ከዚያ እስከ 25 ያጠራቅሙ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ያውጡ።

የጆከሮቹ ቅደም ተከተልም ውጤት ይለውጣል። ስሌቱ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ማባዣው 4 ሆኖ፣ አንዱ ጆከር 4 የሚጨምር፣ ሌላው በ3 የሚያባዛ ቢሆን፣ የሚጨምረው በግራ ሲቀመጥ 8 በ3፣ 24 ይሆናል። ሲገለበጥ 12 ሲደመር 4፣ 16 ነው። በዚያው የ75 ነጥብ ፍለሽ ላይ 1,800 እና 1,200 ማለት ነው። ጆከሩን በጣት ጎትቶ ቦታ መቀየር ይቻላል፤ አዲስ በተገዛ ቁጥር ደርድሩት።

አለቆቹን ሱቅ ከመግባት በፊት ማንበብ ልማድ ይሁን። አንዱ ቀይ ልብን በሙሉ ያመክናል፤ ሌላው የተደገመ እጅ አይቀበልም፤ ሌላው አንዴ ብቻ ያስወርዳል። በፍለሽ ብቻ የመጣ ሰው እነዚህ ላይ ይወድቃል፤ አምስተኛው ደረጃ ሳይደርስ ሁለተኛ የእጅ ዓይነት ማሳደግ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ስክሪኑ። ካርታዎቹ ስልክ ላይ ትንንሽ ናቸው፤ ቀይ ልብና ዳይመንድ በድሬ የቀትር ብርሃን አንድ ይመስላሉ። አራት ቀይ ልብና አንድ ዳይመንድ ፍለሽ ነው ብሎ ማውረድ የተለመደ ጥፋት ነው። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ሃይ ኮንትራስት ካርድስ የሚለውን ማብራት ነው፤ ዳይመንዱ ብርቱካንማ፣ አበባው ሰማያዊ ይሆናል፤ አራቱም ተለዩ። እዚያው ግራፊክስ ውስጥ ሲአርቲ የሚባለውን፣ የድሮ ቴሌቪዥን መስመር የሚያስመስለውን፣ ወደ ዜሮ ዝቅ ያድርጉ፤ ጽሑፉ ይጠራል። ፍጥነቱን 4 ላይ ማድረግ ነጥብ ሲቆጠር መጠበቅን ያሳጥራል። ፀሐይ ላይ ስልኩ ሲግል ስክሪኑ ራሱን ያደበዝዛል፤ ጥላ ፈልጉ። ጨዋታው በአማርኛ የለም፤ የጆከሮቹን መግለጫ ለማንበብ መጠነኛ እንግሊዝኛ ግድ ነው።

ዋጋው ስልክ ላይ ወደ 10 ዶላር ነው፤ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል፤ ማስታወቂያም ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ችግሩ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው፤ ወደ ውጭ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ቁማር ነው ወይ ለሚሉ ወላጆች፦ የፖከር እጆችን ይጠቀማል እንጂ እውነተኛ ገንዘብ አይያዝበትም። የአውሮፓው የዕድሜ ደረጃ አውጪ ፔጊ 18 ብሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 12 ዝቅ አድርጎታል።

የጎደለው ሰው ነው። የተቃራኒን ፊት ማንበብ፣ የጣለውን አይቶ የያዘውን መገመት፣ በርጫ ላይ ያለው ጨዋታና ሳቅ እዚህ የለም። በከፊል የሚያካክሰው አንድ ነገር አለ፦ አዲስ ጨዋታ ሲጀመር ሲድ የሚባል ባለ ስምንት ፊደልና ቁጥር ኮድ ማስገባት ይቻላል። አንዱ ድሬ ሳቢያን ሰፈር፣ ሌላው መጋላ ሆኖ ያንኑ ኮድ፣ ያንኑ የካርታ ዓይነትና ያንኑ የክብደት ደረጃ ቢመርጡ ሱቁም አለቆቹም አንድ ናቸው። ማን ሩቅ እንደሄደ ማታ ይወዳደራሉ። በኮድ የተጀመረ ጨዋታ አዲስ ጆከር አያስከፍትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በተራው ጨዋታ የተቆለፉትን አስከፍቶ ወደ ውድድሩ መግባት ይሻላል።