ዲስኮርስ ለባሕር ዳር ፈቃደኞች ይሆናል? ይሆናል፤ እንደመጣ ግን አይደለም

ባሕር ዳር ላይ በፈቃደኞች የሚመራ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የእምቦጭ ነቀላ አስተባባሪው፣ የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ ዋጋ የሚጠያየቀው፣ የፔዳና የፖሊ ካምፓስ ተማሪው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ሰው እስኪበዛ ድረስ ምንም አይልም። ከበዛ በኋላ ትናንት በዝርዝር የተመለሰው ጥያቄ ዛሬ እንደ አዲስ ይጠየቃል፣ መልሱ ጉግል ላይ አይወጣም፣ አድሚኑ ማንን ለምን እንዳስወጣ የሚያሳየው መዝገብ ደግሞ ከ48 ሰዓት በኋላ ይጠፋል። ያኔ ነው "የራሳችንን ድረ ገጽ እንክፈት" የሚባለው።

እንዲህ ያለ የውይይት ድረ ገጽ ለመክፈት ከተዘጋጁት ሶፍትዌሮች ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ዲስኮርስ ነው። ጄፍ አትውድ፣ ሮቢን ዋርድና ሳም ሳፍሮን በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሲሆን ኮዱ ክፍት ነው፤ ሰርቨር የተከራየ ሁሉ በነጻ ይጭነዋል። ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፦ ለማወያየት ሥራ ቴሌግራም አጠገቡም አይደርስም። ችግሩ ሲጫን ይዟቸው የሚመጡት ቁጥሮች ናቸው። የተለኩት ለእንግሊዝኛ ፊደልና የየራሱ ኢንተርኔት መስመር ላለው ሰው ነው። ሳይነካቸው ድረ ገጹን የከፈተ ቡድን ላገለግላቸው ብሎ ያሰባቸውን ሰዎች በር ላይ ይመልሳል።

በር ላይ ስንል ቃል በቃል ነው። ዲስኮርስ ከአንድ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመር መለያ ቁጥር) ሦስት አዲስ አካውንቶች ከተከፈቱ አራተኛውን አይቀበልም። ውጭ አገር ይህ ስፓም አድራጊን፣ ማለትም ያልተፈለገ ማስታወቂያ በታኝን፣ መያዣ ነው። እዚህ ግን በሞባይል ዳታ የሚገባው ብዙ ሰው ከጀርባው አንድ አድራሻ ይጋራል፤ የካምፓስ ዋይፋይም እንደዚያው። ፖሊ ካምፓስ አንድ ክፍል ውስጥ 30 ተማሪ ሰብስባችሁ "አሁኑኑ ተመዝገቡ" ብትሉ ሦስቱ ይገባሉ፣ 27ቱ መመዝገብ እንደማይችሉ ተነግሯቸው ይቀራሉ። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሴቲንግ ውስጥ "ማክስ ኒው አካውንትስ ፐር ሬጅስትሬሽን አይፒ" የሚለውን ከ3 ወደ 50 ማሳደግ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው አያውቀውም፦ በዚያው አድራሻ ላይ አንድ አወያይ ወይም ደረጃ 2 የደረሰ አባል (ደረጃዎቹን ከታች እናያለን) ካለ እገዳው አይሠራም። ስለዚህ ከስልጠናው በፊት አንድ አድሚን በዚያው ዋይፋይ አካውንቱን ከፍቶ ይግባ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ አደገኛ ቁልፍ አለ፤ "ስፓመሩን አጥፋ" የሚለው። ሲጫኑት አካውንቱንና ጽሑፎቹን ጠርጎ ያጠፋል፣ ኢሜይሉንና አይፒውንም ይዘጋል። አይፒው የጋራ ከሆነ ነገ በዚያው አድራሻ የሚመጣ ንጹሕ ሰው መመዝገብ ያቅተዋል፣ ምክንያቱን የሚነግረውም የለም። ከተጫናችሁት በኋላ የተዘጉ አይፒዎች ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን ብቻ መፍታት ትችላላችሁ። በሳምንት አንዴ ያንን ዝርዝር የሚያይ ሰው መድቡ። የጥያቄ ገደቡም (ጥያቄ ማለት ገጽ ሲከፈት ስልኩ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ጥሪ ነው) የዚሁ ዘመድ ነው፦ ሶፍትዌሩ ከአንድ አድራሻ በ10 ሴኮንድ 50፣ በደቂቃ 200 ጥያቄ ብቻ ይቀበላል። ደረጃ 1 የደረሰ አባል በራሱ አካውንት ስለሚቆጠር አይነካውም፤ የሚነካው እንግዳው ነው። ይህኛው ከሴቲንግ ገጹ አይቀየርም፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ፊደል። አንድ ርእስ ቢያንስ 15፣ አንድ ጽሑፍ ቢያንስ 20 ምልክት እንዲሆን ይጠይቃል። "የጣና እምቦጭ ዘመቻ" የሚለውን ቁጠሩት፤ ክፍተቶቹን ጨምሮ 12 ነው። በላቲን ፊደል ቢጻፍ 20 ያልፍ ነበር፤ በእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ ያጥራል። ሰውየው ምንም ሳያጎድል ሙሉ ርእስ ጽፎ "አጭር ነው" ይባላል። ሲቸግረው ነጥብ ይደረድራል፣ ወይም "እባካችሁ እባካችሁ" ይጨምርበታል፤ የርእሶቹ ዝርዝርም በልመና ይሞላል። ርእሱን ወደ 6፣ ጽሑፉን ወደ 5 አውርዱት። "ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ" ብሎ መሄድ ነውር አይደለም።

ፍለጋው ይበልጥ ያስቸግራል። ሶፍትዌሩ ቃሉን ከመጀመሪያው ፊደል ተነስቶ ነው የሚያነጻጽረው። "ጣና" ብሎ የፈለገ ሰው "ጣናን" ያገኛል፤ "የጣና"፣ "በጣና"፣ "ከጣና" ግን አይወጡለትም። አማርኛ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ከፊት በሚቀጠሉ ፊደሎች ነው። በዚያ ላይ የከተማዋ ስም ብቻ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር ተብሎ በአራት መልክ ይጻፋል፣ ለሶፍትዌሩም አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ በኩል ዲስኮርስ ለአማርኛ አልተሠራም ብሎ መፍረድ ይቻላል። ማምለጫው መለያ ቃል፣ ማለትም ታግ ነው። ታግ ላይ ተመሳሳይ ቃላትን ማሰር ይቻላል፤ አንዱ አጻጻፍ ዋና ይሆንና ሌሎቹን የጻፈ ሁሉ ወደ እሱ ይላካል። አዲስ ታግ መፍጠርን ለአወያዮች ብቻ ተዉት፤ አለዚያ በወር ውስጥ "ዓሣ"፣ "አሳ"፣ "ዓሳ" እና "አሣ" ጎን ለጎን ይቆማሉ። የሚጠበቁ ቃላት የሚባለው ክፍልም ያግዛል፦ "*እምቦጭ*" ብላችሁ ከፊትም ከኋላም ኮከብ አድርጋችሁ ብታስገቡ ቃሉ ያለበትን አዲስ ርእስ ራሱ ታግ ይለጥፍበታል። ኮከቡ ከሌለ "የእምቦጩ" ያመልጠዋል።

ይኸው የሚጠበቁ ቃላት ክፍል ለስድብና ለማጭበርበርም ያገለግላል፤ ብዙ ቡድን የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቃሉን "ከልክል" የሚለው ሥር ይጨምሩታል። ሲከለከል ሶፍትዌሩ የትኛው ቃል እንደተያዘ ለጸሐፊው ይነግረዋል፤ እሱም በሀ ፈንታ ሐ፣ በሰ ፈንታ ሠ አድርጎ ይመልሰዋል። ድብብቆሽ ነው። የሚሻለው "ይሁንታ ይጠብቅ" ነው፦ ጸሐፊው ጽሑፉ እንደሚታይ ብቻ ይነገረዋል፣ ጽሑፉ ወደ አወያዮች ወረፋ ይሄዳል። የፊደል ልውውጡን ለመዝጋት የሬጉላር ኤክስፕሬሽን (አንድን ቃል በብዙ አጻጻፉ መያዣ ቀመር) ሴቲንጉን ከፍታችሁ ሞክሼዎቹን፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደሎች፣ በቅንፍ ጻፉ፤ ለምሳሌ [ሀሐኀ]፣ [ሰሠ]፣ [አዐ]፣ [ጸፀ]። ሞክሼዎቹ በሌላው ድምፅም አሉ፤ ህ፣ ሕ፣ ኅ እንደማለት። በብሔር ስም የሚወረወሩ ቃላትን በምንም ተአምር በማሽን ብቻ አታስጠፉ። አንዱ ይሰድብበታል፣ ሌላው "እንዲህ ብሎ ሰደበኝ" ብሎ ይከስበታል፤ ማሽኑ ሁለቱን አይለይም።

አሁን ወደ ጥሩው። የአመኔታ ደረጃ የሚባለው አሠራር ለፈቃደኛ ቡድን የተሠራ ያህል ነው። አዲስ የገባ ሰው ደረጃ 0 ነው፦ በአንድ ጽሑፍ ከ2 በላይ ሊንክ አያስገባም፣ በመጀመሪያው ቀን ከ3 በላይ ርእስ አይከፍትም። አምስት ርእስ ውስጥ ገብቶ፣ 30 ጽሑፍ አንብቦ፣ 10 ደቂቃ ከቆየ ደረጃ 1 ይሆናል። ደረጃ 2 ለመድረስ ሌላው ቀርቶ 15 ቀን መመላለስ አለበት። መድረኩ ሰውን የሚመዝነው በንባቡ መሆኑ ደስ ይላል፤ ገና እግሩ ሳይረግጥ ሊንክ የሚበትነው ሰው አንባቢ ሆኖ አያውቅምና። ደረጃ 3 ግን ለእኛ ከባድ ነው፤ ከመቶ ቀን ውስጥ 50ውን መግባትን ይጠይቃል፣ መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥም የደረሰው ሰው መልሶ ይወርዳል። ቀኑን ወደ 20 አውርዱት። ጥቅሙ ትልቅ ነው፦ ደረጃ 3 የሆነ አባል የደረጃ 0ን ጽሑፍ "ስፓም ነው" ካለ ጽሑፉ ወዲያው ይሸፈናል። "ብርዎን በ24 ሰዓት እጥፍ አደርጋለሁ" የሚለው ጽሑፍ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢለጠፍ አወያይ እስኪነሳ አይጠብቅም።

ሪፖርት የተደረገበት ነገር አንድ ወረፋ ውስጥ ይገባል። አወያዩ ወረፋውን ሲከፍት ጽሑፉን፣ ማን ሪፖርት እንዳደረገ፣ የዚያ ሰው የቀድሞ ሪፖርቶች ስንቱ ትክክል ስንቱ ስሕተት ሆነው እንደተገኙ በአንድ ገጽ ያያል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ በቂም ሪፖርት የሚያደርገውን ይለያል። ውሳኔው ሁሉ በስም ይመዘገባል፣ ምክንያቱም አብሮ። ዝም ማሰኘትና ማገድ ግን አይምታቱባችሁ፦ ዝም የተሰኘ ሰው ያነባል፣ አይጽፍም፤ የታገደ ሰው ጨርሶ አይገባም። ለመጀመሪያ ጥፋት የግል መልእክት፣ ለሁለተኛው የሦስት ቀን ዝምታ፣ ለሦስተኛው እገዳ። ከማገድ በፊት በግል ማናገር በአገራችን የሽምግልና ወግ ነው፤ በአደባባይ የተገሠጸ ሰው ጥፋቱን ትቶ ክብሩን ይሟገታል።

ወረፋው ላይ የሚለወጥ አንድ ቁጥር አለ። ያልታየ ሪፖርት ካለ ሶፍትዌሩ አወያዮችን የሚያስታውሰው ከ48 ሰዓት በኋላ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። አምስት ሰው ያለው የፈቃደኞች ቡድን ራሱን እንደ ትልቅ ኩባንያ ባይቆጥርም መለኪያው ጥሩ ነው፤ 48ቱን 6 አድርጉት።

ዲስኮርስ በአማርኛ የተተረጎመ ገጽታ የለውም፤ ስዋሂሊ አለው። ዋና ዋናዎቹን ቁልፎችና የምዝገባ ኢሜይሉን ከአድሚን ገጹ በእጅ መተርጎም ይቻላል፣ የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርንም ሰዓትንም አያውቅም። "ቅዳሜ 3 ሰዓት ወደ ጎርጎራ" የሚል ማስታወቂያ ላይ ሁሌም "ጠዋት" ወይም "ማታ" ይጨመር።

ሰርቨሩ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ 1 ጊጋ ከሆነ 2 ጊጋ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ካልተጨመረ ማሻሻያ ሲጫን መሀል ላይ ይሞታል። ማሻሻያው በተደጋገመ ቁጥር ዶከር የሚባለው መጫኛ የሚተወው አሮጌ ፋይል ዲስኩን ይሞላል፣ ማጽጃ ትእዛዙን በየወሩ ማስኬድ ነው። በብዛት የሚያደናቅፈው ኢሜይል ነው። ያለ ኢሜይል ማንም አይመዘገብም፣ ብዙ የሰርቨር አከራዮችም ኢሜይል የሚወጣበትን በር፣ ፖርት 25ን፣ ይዘጋሉ። በኢሜይል ላኪ አገልግሎት በኩል ፖርት 587ን ተጠቀሙ፣ ኢሜይሉ በእውነት ከእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጡትን የኤስፒኤፍና የዲኪም መዝገቦች ዶሜኑ (የድረ ገጹ ስም) ላይ አስገቡ፤ ካልሆነ ማረጋገጫው ስፓም ውስጥ ይቀበራል። ኢሜይሉን ከፍቶ የማያይ ሰው ብዙ ስለሆነ በጉግል አካውንት መግባትን ከመጀመሪያው ክፈቱ።

እንዲህ ያለ ትንሽ ሰርቨር በወር 6 ዶላር ገደማ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 340 ብር አካባቢ የነበረው፣ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ ከ600 በላይ ሆኗል። ክፍያው የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው፤ ጉዱም ያ ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ሰርቨሩ ይዘጋል፣ ባክአፑም (የመጠባበቂያ ቅጂው) በነባሩ አሠራር እዚያው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ አብሮ ይሄዳል። ባክአፕ በየቀኑ እንዲሆን አድርጉ፣ በሳምንት አንዴ አውርዳችሁ ባሕር ዳር ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፣ የዶሜኑንና የሰርቨሩን ቁልፍ ለሁለት ሰው ስጡ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ ነበርና ከሁለቱ አንዱ፣ ከአወያዮቹም ቢያንስ አንዱ፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖር ይሁን።

አባሉ ከመቶ ያልበለጠ ቡድን ይህን ሁሉ ባይሸከም ይሻለዋል፣ ቴሌግራም ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆነም ቴሌግራሙን አትዝጉት። የዲስኮርስ የቻት ማገናኛ ፕለጊን አዲስ ርእስ በተከፈተ ቁጥር ሊንኩን ወደ ቻናል ይልካል፤ ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም መፍጠሪያ ቦት (በራሱ መልእክት የሚልክ አካውንት) ፈጥሮ፣ የሚሰጠውን ቁልፍ ሴቲንጉ ላይ አስገብቶ፣ ቦቱን የቻናሉ አድሚን ማድረግ ነው። ወደ ቻናሉ የሚያልፉትን ምድቦች ግን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አድርጉ፤ ሁሉም ካለፈ ሰው በሦስተኛው ቀን ድምፁን ያጠፋዋል።