ፓተንትን ወደ ውጭ አገር ማስፋት፦ ቻይና ወይስ ታንዛኒያና ኡጋንዳ?

ባለፉት ሁለት ዓመታት በጎንደር የብረታ ብረት ሥራ ላይ ካሉ ወዳጆቼ ቢያንስ አምስቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ወደ ሥራ ቤቴ መጥተዋል። አገር ውስጥ ፓተንት (ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ ብቸኛ መብት) ላወጡለት ፈጠራ በውጭ አገርም ጥበቃ ይግዙለት እንደሆነ፣ ከገዙም የትኛው አገር እንደሚሻል ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔ የምሠራው በእጅ የሚዞር የሰሊጥ ማበጠሪያ ሲሆን፣ ደንበኞቼም በአብዛኛው የመተማና የቋራ አምራቾች ናቸው። በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ተሳስቼ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተሳክቶልኝ ከፍያለሁና ሁለቱንም እጽፋለሁ።

የተሳሳትኩት በመጀመሪያው ማበጠሪያ ነው። አንድ ወኪል «ዓለም አቀፍ ፓተንት» አወጣልሃለሁ ብሎ 96,000 ብር ተቀበለኝና ማኅተም ያረፈበት የሚያምር ወረቀት ሰጠኝ፤ ወረቀቱ ግን በየትኛውም አገር ፍርድ ቤት የሚቆም አልነበረም። ዓለም አቀፍ ፓተንት የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተፈረመው የፓተንት ትብብር ስምምነት እንኳ በአንድ ማመልከቻ ብዙ አገሮችን ለመጠየቅ የሚያስችል መንገድ እንጂ ፓተንት የሚሰጥ አይደለም። በዚያ መንገድ የገባ ሰው መነሻ ክፍያው ብቻ 1,330 የስዊዝ ፍራንክ ነው፤ ለድሃ አገር አመልካቾች 90 በመቶ ቅናሽ ቢኖርም አመልካቹ የአባል አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን ይጠበቅበታል፣ ከ30 ወር ገደማ በኋላም በየአገሩ እንደገና መክፈሉ አይቀርለትም። የጤፍን ክርክር የሚያስታውስ ሰው ጥበቃው በድንበር የተከለለ መሆኑን በቀላሉ ይረዳል፤ ኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘውን ፓተንት ውድቅ ሲያደርግ ውሳኔው የሚሠራው በሆላንድ ውስጥ ብቻ ነበር።

ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠሩት አገር ቻይና ነው፤ ምክንያታቸውንም አልንቀውም። የአገራችን የፈጠራ ሕግ የሆነው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት ባለቤት በኢትዮጵያ ውስጥ ፈጠራውን የመሥራትና የመጠቀም ብቸኛ መብት ይሰጠዋል፣ ዕቃውን ከውጭ የማስመጣት ብቸኛ መብት ግን እንደማይሰጠው በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ የእኔን ማበጠሪያ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ከቻይና በኮንቴይነር ገብቶ ከሱቄ ፊት ለፊት ሲሸጥ፣ የያዝኩት የአገር ውስጥ የፓተንት ማስረጃ የጠበቅኩትን ያህል አላገዘኝም። አስመስለው የሠሩት ላሜራው ስስ፣ ብየዳው ነጥብ በነጥብ፣ ኩሽኔታውም አንድ የምርት ወቅት የማይሞላ ነበር። ገበሬው ግን ዕቃውን የገዛው የእኔ መስሎት ስለሆነ ሲሰበርበት የሚያመጣው ወደ እኔ ነው። በአንድ ጥቅምት ብቻ አሥራ ሰባት የተሰበሩ ማበጠሪያዎች መጡልኝ፤ ለእያንዳንዳቸው ኩሽኔታ ቀይሬ ዘንጉን እንደገና ለመበየድ የጠየቅኩት ዋጋ የዕቃውን ግማሽ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በዚያ ወር የራሴን አዲስ ትዕዛዝ ማድረስ አልቻልኩም።

ታዲያ ዕቃው በሚሠራበት አገር ፓተንት ማውጣት አይበጅም ወይ? ሒሳቡን ሠርቼ አይበጅም አልኩ። በቻይና የፈጠራ ፓተንት ማመልከቻ 900 ዩዋን፣ ምርመራው 2,500 ዩዋን ነው። ዓመታዊ ክፍያው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 900 ዩዋን ሆኖ ይጀምርና ከ10ኛው እስከ 12ኛው ዓመት 4,000፣ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ዓመት ደግሞ በየዓመቱ 8,000 ዩዋን ይደርሳል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠውና ለ10 ዓመት የሚቆየው ጥበቃ፣ የግልጋሎት ሞዴል፣ ይረክሳል፤ እሱም ቢሆን ሙሉውን ከተከፈለ በዓመታዊ ክፍያ ብቻ 11,200 ዩዋን ይወስዳል። በዚህ ላይ ሰነዱ ሁሉ ወደ ቻይንኛ መተርጎም አለበት፣ በዚያ አገር የማይኖር አመልካችም የቻይና ወኪል መያዝ ግዴታው ነው። ለእኔ የቀረበልኝ የትርጉምና የወኪል ዋጋ 2,800 ዶላር ነበር። ይህ ሁሉ ተከፍሎ እንኳ ፋብሪካውን ፈልጎ ማግኘትና እዚያው ሄዶ መክሰስ ይቀራል፤ ከተረታም ሥራው ወደ ሌላ አገር ፋብሪካ ቢዛወር ገንዘቡ ባክኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለተኛውንና የተሻሻለውን ማበጠሪያ ሰሊጥ አምራች ገዥ ወዳለበት አገር ወሰድኩት። መቀመጫው ሐራሬ የሆነው የአፍሪካ ቀጣናዊ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው የሐራሬ ፕሮቶኮል መሠረት በአንድ የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ብዙ አባል አገሮችን ለመምረጥ ያስችላል፤ የሚከፈለውም በተመረጠው አገር ቁጥር ልክ ነው። ታንዛኒያንና ኡጋንዳን መረጥኩ። ሁለቱም ሰሊጥ በብዛት ያመርታሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሕጋቸው የፓተንት ባለቤት ማስመጣትንም መከልከል ይችላል። እዚህ የጎደለኝ መብት እዚያ አለ ማለት ነው። ለሁለቱም አገሮች ወኪሉን ጨምሮ የተጠየቅኩት 1,900 ዶላር ነበር። ሱዳንም አባል ናት፣ ለመተማም ቅርብ ናት፤ ነገር ግን ጦርነቱ እስኪበርድ ድረስ እዚያ የሚከፈል ገንዘብ የሚጠብቀው ገበያ የለም። ስለ አሜሪካና ስለ አውሮፓ የሚጠይቁኝን እዚያ ገዥ አለህ ወይ ብዬ እመልሳለሁ፤ ከሌለ ንግግሩ እዚያው ያበቃል።

ዋጋ ሲሰላ በብር ተሰልቶ መተው የለበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በዶላር ያልጨመረ ዓመታዊ ክፍያ በእኛ ኪስ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዓመታዊ ክፍያ ደግሞ ካልተከፈለ መብቱ ይወድቃል።

ሌላው ብርቱ ነገር ጊዜ ነው። የፓሪስ ስምምነት ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ 12 ወር የቀዳሚነት ጊዜ ይሰጣል፣ ማለትም በዚያ ጊዜ ውስጥ በሌላ አባል አገር የገባ ማመልከቻ በመጀመሪያው ቀን እንደገባ ይቆጠራል፤ የሚሄዱበት አገር በኢትዮጵያ የገባውን ማመልከቻ ለዚህ መነሻ አድርጎ መቀበል አለመቀበሉን ግን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ያስመልሱ። እኔ በዚህ ላይ መንጠልጠል ስላልፈለግኩ የአገር ውስጡንና የሐራሬውን ማመልከቻ በአንድ ሳምንት አስገባሁ፤ ቀድሞ በሕዝብ ፊት የታየ ፈጠራ አዲስ አይባልምና እስከዚያም ድረስ ማበጠሪያውን በባዛር አላሳየሁም፣ ለአንድም ደንበኛ አልሸጥኩም። በእጅዎ ያለው የአስገቢ ፓተንት (በውጭ አገር ፓተንት የወጣለትን ፈጠራ ወደ አገር ውስጥ ለሚያስገባ የሚሰጠው) ከሆነ ወደ ውጭ ለማስፋት አይድከሙ፣ ፈጠራው ቀድሞውኑ የሌላ ነው። የግልጋሎት ሞዴል ከሆነም የፈጠራ ብልሃት ሳይጠየቅ የተሰጠ ስለሆነ በፓተንት ምርመራ ሊወድቅ እንደሚችል ያስቡ።

በሐራሬው መንገድ የሚጠቅመኝ ሌላው ነገር የአንዱን አገር ክፍያ ትቶ የሌላውን መቀጠል መቻሉ ነው። ከታንዛኒያ እስካሁን ሁለት ገዥዎች ጠይቀውኛልና የእሷን መክፈሌን እቀጥላለሁ፤ ከኡጋንዳ ግን እስከሚቀጥለው የክፍያ ቀን አንድ ትዕዛዝ ካልመጣ የእሷን አቋርጬ ገንዘቡን ለኩሽኔታ መግዣ አውለዋለሁ።