ስም የለሹ የብርሃን ዘንግ በሱሉልታ ጨለማ ሲፈተን

ከመርካቶ በ3,500 ብር የገዛሁት የኤልኢዲ የብርሃን ዘንግ ሳጥኑ ላይ የአምራች ስምም ሆነ የሞዴል ቁጥር የለውም። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ በስልክ ቻርጀር ይሞላል፤ እጀታው ላይ ሦስት ቁልፎች አሉት። ሱቆቹ በብዛት የሚሸጡት ቲክቶክ ለሚቀርጹ ወጣቶችና ለሠርግ ቪዲዮ ሠራተኞች ነው። እኔ የፈለግሁት ግን የካሜራውን ሻተር (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ለረጅም ጊዜ ክፍት አድርጌ በጨለማ ውስጥ በብርሃን ለመሣል ስለነበር፣ በኅዳር ወር ጨረቃ በሌለችባቸው ሦስት ምሽቶች እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ዳር ካለ የባሕር ዛፍ ተክል አጠገብ ፈተንሁት።

ቦታውን የመረጥሁት የእንጦጦ ተራራ የአዲስ አበባን ብርሃን በከፊል ስለሚጋርድና የባሕር ዛፉ ነጣ ያለ ግንድ ብርሃንን በደንብ ስለሚቀበል ነው። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ፣ ሌንሱም አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) 100፣ አፐርቸሩን (ቁጥሩ ሲጨምር የሚጠብበውን የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ ሻተሩን 30 ሴኮንድ አድርጌ ጀመርሁ። ጨለማ ውስጥ ካሜራው በራሱ ፎከስ ማድረግ ስለማይችል አንዱን ግንድ በባትሪ አብርቼ ፎከሱን ካስያዝሁ በኋላ ወደ ማኑዋል መለስሁት። የአክስቴ ልጅ ሻተሩን ሲቆጣጠር እኔ ዘንጉን ይዤ በዛፎቹ መካከል እሄዳለሁ።

በመጀመሪያው ምሽት ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ጥበቃ ከአጠገቡ ካለ ግቢ ወጥተው ቀረቡን። «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው? ቀን ብትፈልጉት አይሻልም?» አሉ። «አባባ፣ የጠፋ ነገር የለም፤ ፎቶ እያነሣን ነው» ብዬ የካሜራውን ስክሪን አሳየኋቸው። በግንዶቹ ዙሪያ የተጠመጠመውን ሰማያዊ ብርሃን አይተው ጥቂት ዝም አሉና «አንተስ የታለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥቁር ልብስ የለበሰና ብርሃን ያላረፈበት ሰው አንድ ቦታ ሳይቆም እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ምስሉን በሚቀዳው የካሜራው ሴንሰር ላይ የሚታይ ምልክት አይተውም። የዚህ ዓይነቱን ፎቶ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊገባው የሚገባውም ይኸው ነው፦ የሰማዩና የዛፎቹ ብርሃን ሻተሩ በተከፈተበት ጊዜ ልክ እየጨመረ ሲሄድ፣ ዘንጉ የሚሥለው መስመር ድምቀት ግን በአፐርቸሩ፣ በአይኤስኦውና በእጅ ፍጥነት ይወሰናል። በዝግታ የተሣለ መስመር ይደምቃል፣ በፍጥነት የተሣለ ይሳሳል፤ ሻተሩ ተጨማሪ አንድ ደቂቃ ክፍት ቢቆይም መስመሩን ራሱን አያደምቀውም።

የዘንጉ ዋና ጉድለት የተገለጠው ብርሃኑን ወደ ግማሽ ዝቅ ባደረግሁበት ሰዓት ነው። ለስላሳ የብርሃን መጋረጃ ስጠብቅ፣ ሸማኔ እንደዘረጋው ድር የተቆራረጡ መስመሮች ተደርድረው አገኘሁ። ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች ብዙውን ጊዜ ብርሃናቸውን የሚቀንሱት በእርግጥ ደብዝዘው ሳይሆን በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ እየበሩና እየጠፉ ነው። ዓይን ይህን አይለየውም፤ ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ግን እያንዳንዱ ብልጭታ የየራሱ ቦታ ላይ ያርፋል። በሴኮንድ 200 ጊዜ የሚበራ መብራት በሴኮንድ 2 ሜትር ቢወዛወዝ በየ1 ሴንቲሜትሩ አንድ ምልክት ይተዋል ማለት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬት የሠራተኞችን የእጅ እንቅስቃሴ ለማጥናት ጣት ላይ ትንሽ አምፖል አስረው ኤሌክትሪኩን ሆን ብለው ያቆራርጡት የነበረው፣ ነጠብጣቦቹን ቆጥረው ጊዜውን ለማወቅ ነበር። እኔ ግን ለዚህ አልከፈልሁም።

ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ነጩ፣ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ንጹሕና ያልተቆራረጠ መስመር ይሰጣሉ። ቅልቅል ቀለሞች ግን ያኔም አይድኑም፤ ብርቱካናማ ሲመረጥ ቀዩ ሳይቋረጥ ሲሄድ አረንጓዴው እየበራና እየጠፋ ስለሚገባ መስመሩ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይዥጎረጎራል። ያገኘሁት መፍትሔ ርካሽ ነው፦ ዘንጉን ነጭና ሙሉ ብርሃን ላይ ትቼ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁትን ባለ ቀለም የስጦታ መጠቅለያ ላስቲክ እጠቀልልበታለሁ፣ ድምቀቱንም በዘንጉ ቁልፍ ሳይሆን አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 በማጥበብ እቀንሳለሁ። ሌላው የሚያናድድ ነገር ዘንጉ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ በነጭ ብልጭ ማለቱ ነው። ይህ ብልጭታ ሁለት ጥሩ ፎቶዎቼን ካበላሸብኝ በኋላ ዘንጉን ካፖርቴ ውስጥ እያበራሁ ማውጣት ለመድሁ።

የማቀናበሩ ሥራ ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ ወስዷል። በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮና ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) ያነሣሁት የመጀመሪያው ምሽት ሰማያዊ መስመር ዝርዝሩ ሁሉ ተቃጥሎ ጠፍጣፋ ቀለም ብቻ ስለቀረ የሚታደገው አልተገኘም፤ ካሜራው ሳያቀናብር ባስቀመጣቸው የሮው ፋይሎች ላይ ግን ብርሃኑን ቀንሼ የመስመሩን ውስጣዊ ደረጃዎች መመለስ ችያለሁ። ወደ ደቡብ በተነሡት ላይ ከተራራው በላይ የሚታየውን የከተማውን ብርቱካናማ ወገግታ ለማቀዝቀዝ የቀለም ሙቀቱን ወደ 3,800 ኬልቪን አወረድሁት። ከሁሉ የጠቀመኝ ዘዴ ሁሉንም በአንድ ሻተር ለመሣል ከመታገል ይልቅ ካሜራውን ሳላንቀሳቅስ አምስት ስድስት ፎቶ አንሥቼ በፎቶሾፕ በየሌየሩ (በየንብርብሩ) መደራረብና «ላይትን» በሚለው ሁነታ ማዋሐድ ነው፤ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ብሩህ የሆነውን ብቻ ስለሚያስቀር የተበላሸውን መስመር ለይቶ መጣል ይቻላል። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በስናፕሲድ ሁለት ሁለቱን እያደረገ ተመሳሳይ ነገር መሥራት ይችላል።

ባትሪው ሳጥኑ ላይ 3 ሰዓት ይላል፤ በሱሉልታ ብርድ በሙሉ ብርሃን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሠርቶልኛል። በነጭና በሦስቱ ንጹሕ ቀለሞች ብቻ ለመሥራት ለሚስማማ ሰው ዋጋው አይከብድም፤ በብርሃኑ ልክ እየተጫወተ መሣል ለሚፈልግ ግን አልመክረውም። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጎ፣ የስልኩን ካሜራ ሻተሩን በእጅ ማስተካከል በሚቻልበት «ፕሮ» ሁነታ ላይ አድርጎና ሻተሩን ወደ 1/4 ሴኮንድ አዘግይቶ፣ ዘንጉን በግማሽ ብርሃን ፈጠን አድርጎ እያወዛወዘ አንድ ፎቶ ያንሣ። ሻጩ ይስቅ ይሆናል፤ ድሩ ከታየ ግን ገንዘቡን ወደ ኪሱ ይመልስ።