ኤጂ 100 ወይስ ኤጂ 200? ደሴንና ኮምቦልቻን ለሚያገናኘው የሐረጎ ዳገት የሚሆነው የቱ ነው?

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ ለጨረታ የወጡ ሁለት ያማሃ ሞተር ሳይክሎች አይቶ መጣ። «ጋሼ፣ መልካቸው ያው ነው፤ የቱን ልግዛ?» አለኝ። አልተሳሳተም። ሁለቱም ለገጠር ሥራ የተሠሩ ናቸው። ከኋላ ዕቃ መጫኛ አላቸው፤ ካቴናቸውም ጭቃ እንዳያገኘው ተሸፍኗል። የተቀየረው ሆዳቸው ነው። ኤጂ 100 ባለ 97 ሲሲ ቱ ስትሮክ (ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል) ሲሆን ኤጂ 200 ደግሞ ባለ 196 ሲሲ ፎር ስትሮክ (ዘይቱን ለብቻው የሚይዝ) ነው።

ዳገቱ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሁለቱም ጉልበት ይቀንሳሉ። ሰውና ጆንያ የጫነ 100 ግን ቶሎ ያለቅሳል።

ዋናው ፈተና ቁልቁለቱ ነው። ቱ ስትሮክ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባው ዘይት ነው። ሐረጎን ስትወርድ ጋዝ ትዘጋለህ። ጎማው ሞተሩን በፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ የሚገባው ዘይት ግን ጠብታ ነው። እኔ አንድ ጊዜ የዘይት ጋኑን ሳላይ ወርጄ መሐል መንገድ ላይ ፒስተኑ ዘይት አጥቶ ስለነከሰ (ስለተጣበቀ) የኋላ ጎማው ቀጥ አለ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ባልይዘው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። ኤጂ 100 የሚነዳ ሰው ቁልቁለት ላይ አልፎ አልፎ ጋዝ ነካ ነካ ማድረግ አለበት። ፎር ስትሮኩ ዘይቱ ከሥር ተጠራቅሞ በፓምፕ ስለሚረጭ ይህ ጣጣ የለበትም። ማርሽ ቀንሰህ ስትወርድም ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፤ ፍሬንህ አይግልም።

ሲበላሹስ? እዚህ ላይ አሮጌው ይረታል። ኤጂ 100 ቫልቮላ የለው፣ የቫልቮላ ካቴና የለው። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ከተገኘ ጎበዝ መካኒክ ፈትቶ እስኪገጥመው ብዙም አይቆይም። ጉልበት ካጣ አንዳንዴ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በጥላሸት ተደፍኖ ነው፤ አውጥቶ ማጽዳት ብቻ። ግን ቤንዚን ይጠጣል፤ ከሚገባው ከፊሉ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ዘይቱም የየዕለት ወጪ ነው። 200ውን ማስጠገን ከበድ ይላል፤ ዘይቱን በጊዜው ከቀየርክና የቫልቮላውን ክፍተት ካስለካህ ግን ጋራዥ የሚያደርስህ ጉዳይ ጥቂት ነው።

«አዲስ ሞተር ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ነው?» ላልከኝ፣ የህንዱን ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ሞተር ሳይክል አስብ። ድሮ ሞተሩና ካምቢዮው ለየብቻ ነበሩ፤ በየመጋጠሚያው ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። በኋላ አንድ ላይ ሲሠሩት ማንጠባጠቡ ቀነሰ። ከዚያ ካርቡራተሩ ቀርቶ ነዳጁን በኮምፒውተር የሚመጥን መጣ። ከፍታ ሲቀየር ራሱን ያስተካክላል፤ ለደሴ ሰው እንዴት ያለ ጸጋ ነው! ግን ሴንሰሩ መንገድ ላይ ቢሞት በካንዴላ ቁልፍና በሽቦ አታስነሳውም። 200ው ለኛ አገር የተመቸው ለዚህ ነው፦ ሞተሩ ዘመናዊ፣ ካርቡራተሩ ግን እጃችን የለመደው።

ስትገዛ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድ። መጀመሪያ በእጅህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ ጭሱን እይ። 100ው ሰማያዊ ጭስ ቢያጨስ ተፈጥሮው ነው። 200ው ያንኑ ጭስ ካጨሰ ግን ፋሻው ወይም ቫልቮላው አልቋል፤ የጥገናውን ዋጋ ቀንስና ተደራደር፣ ወይም ተወው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይ። የድርጅት ከሆነም ቀረጡ ተከፍሎ እንደሆነ ሳታረጋግጥ ብር አትቁጠር።

ለልጁ 200ውን ውሰድ አልኩት። በየቀኑ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ደሴ ውስጥ ብቻ፣ ከፒያሳ ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ቧንቧ ውሃ የሚል ቢሆን ኖሮ 100ውን ገዝቶ የተረፈውን ብር ለጎማ ያውለው ነበር።