ለሀዋሳዋ እንቁላል አስፈልፋይ ምስጋና፣ ዶሮና ዳክዬ ለምታረቡም ጥቆማ

በሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ በመኖሪያ ግቢያቸው አነስተኛ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ይዘው የሚሠሩ፣ ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት በእንስሳት ጤና ረዳትነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስላሳሰቡኝ፣ በዚህ ጽሁፍ ውስጥ እኔና ልጆቼ እንደምንጠራቸው «እትዬ» እያልኩ እጠቅሳቸዋለሁ። በጓሮው ዶሮ ለሚያረባ ሁሉ፣ ይልቁንም ከዶሮዎቹ ጋር ዳክዬ ለማሳደግ ላሰበ ሰው፣ እርሳቸውን ያለ ማመንታት የምጠቁመው ዳክዬን እንደ ዶሮ ሳይሆን እንደ ዳክዬ የሚያውቁ ባለሙያ በመሆናቸው ነው።

የዳክዬ እንቁላሎቹን የላኩልን ወንዶ ገነት የሚኖሩ ዘመዶቻችን ሲሆኑ፣ እኛም ከራሳችን የሐበሻ ዶሮዎች እንቁላል ጋር አንድ ላይ እንዲፈለፈሉልን ወደ እትዬ ይዘናቸው ሄድን። እርሳቸው ግን የዳክዬዎቹን ብቻ ተቀብለው፣ የዶሮዎቹን ከሳምንት በኋላ ትኩስ ትኩሱን መርጠን እንድናመጣ ነገሩን። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን፣ የተለመደው የዳክዬ እንቁላል ደግሞ በ28 ቀን ስለሚፈለፈል፣ የዳክዬው ሰባት ቀን ቀድሞ ከገባ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይወጣሉ፤ አብረው የተፈለፈሉ ደግሞ አብረው ይሞቃሉ፣ አብረው መብላት ይለምዳሉ። የዶሮ እንቁላል መገላበጡ የሚቆመው በ18ኛው፣ የዳክዬው በ25ኛው ቀን አካባቢ ነውና፣ በሳምንት ልዩነት የገቡት እንቁላሎች ማገላበጡ የሚያበቃበትና የማሽኑ እርጥበት ወደ 70 በመቶ ከፍ የሚልበት ቀን አንድ ይሆንላቸዋል። ይህን ሁሉ ያስረዱን ገና የክፍያ ነገር ሳይነሳ፣ በረንዳቸው ላይ ቆመን ነው።

እንቁላሎቹ በገቡ በሳምንታቸው አስጠርተውን፣ ክፍሉን አጨልመው እያንዳንዱን በባትሪ ብርሃን አሳዩን። ከአንዱ በቀር የዳክዬ እንቁላሎቹ ሁሉ ከመጀመሪያውም ዘር ያልያዙ ስለነበሩ ውስጣቸው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ በዚያ በአንዱ ውስጥ ግን ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተው፣ በመካከላቸውም አንዲት ጥቁር ነጥብ ስትንቀሳቀስ አየን። እትዬ ባዶ ለሆኑት እንቁላሎች የከፈልነውን ገንዘብ እዚያው ቆጥረው መለሱልን። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶችም ሙቅ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶችን በጨርቅ ጠቅልለው ማሽኑ ውስጥ እያስገቡ፣ ሙቀቱ ከ37.5 ዲግሪ ብዙ እንዳይርቅ ሲጠብቁ እንዳደሩ የሰማነው ከልጃቸው ነው እንጂ እርሳቸውስ አልነገሩንም።

በመፈልፈያው ቀን ጫጩቶቹ ወጥተው ላባቸው ሲደርቅ፣ ዳክዬዋ ቅርፊቱን በምንቃሯ ከሰነጠቀች በኋላ ጸጥ ብላ ቆየች። ልጄ ተጨንቃ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ብንልጥላትስ?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «ተይ ልጄ፣ ደሟ ገና ከቅርፊቱ አልተሰበሰበም፤ አስኳሉንም ወደ ሆዷ ስባ አልጨረሰችም» አሏት። ዳክዬ ቅርፊቱን ከሰነጠቀች በኋላ ለመውጣት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ሊፈጅባት እንደሚችል፣ በዚህ ጊዜ ቅርፊቱን በእጅ መላጥ ደም ሊያፈሳትና ሊገድላት እንደሚችል አስረዱን። በማግስቱ ጠዋት ዳክዬዋ በራሷ ጊዜ ወጣች።

ከጫጩቶቹ ጋር ጭድ በታጨቀበት ሳጥን ውስጥ ያኖርናትም በእርሳቸው ምክር ነው፤ ይህ ሳጥን የሚሠራው ጫጩቶቹ ከገላቸው የሚያወጡትን ሙቀት ጭዱ ይዞ በማስቀረት ስለሆነ፣ አንዲት ዳክዬ ብቻዋን ልታሞቀው አትችልም። ችግሩ ውሃው ላይ ነበር። ዳክዬ ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጥበው ጭንቅላቷን ነክራ ስለሆነ ጠለቅ ያለ የውሃ ዕቃ ያስፈልጋታል፤ መኖዋንም በውሃ እያወራረደች ነው የምትበላው። ጫጩቶች ግን በጠለቀ ውሃ ሊሰጥሙ ይችላሉ፣ ጉዝጓዛቸው ሲረጥብም ይበርዳቸዋል፣ ኮክሲዲዮሲስ ለሚባለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ይጋለጣሉ። እትዬ ለዚህ ያበጁልን መላ በጣም ቀላል ነበር፦ ዝቅ ባለ ሳፋ ላይ የሽቦ ወንፊት ዘርግተው፣ ከዚያ ላይ አፉ ጠባብ፣ የዳክዬዋን ጭንቅላት ብቻ የሚያስገባ ዕቃ አስቀመጡ። የምትረጨው ውሃ በወንፊቱ አልፎ ሳፋው ውስጥ ይቀራል፣ ሰጋቱራውም ደረቅ ሆኖ ይከርማል።

ምስጋናዬ ከሁሉ በላይ የሚበረታው ግን ዳክዬዋ እግሯ በደከመ ጊዜ ላደረጉልን ነገር ነው። ከጫጩቶቹ ጋር ስትሮጥ የነበረችው ዳክዬ ሁለት እርምጃ ሄዳ መቀመጥ ጀመረች። መኖ የምንገዛበት ሱቅ ሻጭ «ስብራት ይሆናል፣ አትድንም» ብሎን ነበር። እትዬ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መገጣጠሚያዋን በሁለት ጣታቸው ቀስ ብለው ዳበሱና አጥንቷ እንዳልተሰበረ፣ የጎደላት ናያሲን የሚባለው የቫይታሚን ቢ ዓይነት እንደሆነ ነገሩን። የዳክዬ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 55 ሚሊ ግራም ያህል ናያሲን ያስፈልጋታል፤ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ጫጩት ግን ግማሹ ያህል ይበቃዋልና፣ ለጫጩት የተዘጋጀ መኖ ለእርሷ ሊያንሳት ይችላል። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት በውሃ የሚበጠበጥ የቫይታሚን ቢ ዱቄት እንድንገዛ፣ በተጨማሪም የተቀቀለ አተርና ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የምናመጣውን የዓሣ ትርፍራፊ አብስለን፣ እሾሁን ለቅመን እንድንሰጣት አዘዙን። መድኃኒት የተቀላቀለበት የጫጩት መኖም እንዳንሰጣት አስጠነቀቁን፤ ዳክዬ ከጫጩት አብልጣ ስለምትበላ የመድኃኒቱ መጠን ሊበዛባት ይችላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሯ ጸንቶ እንደገና ጫጩቶቹን መከተል ጀመረች። ይህን ዕውቀት በሰፈራችን ሌላ የት እናገኘው እንደነበር አላውቅም።

ልጆቼ ሐይቅ ወስደው ሊያዋኟት ሲነሱ ያስቆሟቸውም እርሳቸው ናቸው። በእናቷ ሥር ያደገች ዳክዬ ከእናቷ ላባ የሚገኘው ቅባት ከውሃ ይጠብቃታል፤ በማሽን የተፈለፈለችው ግን ላባ እስክታወጣ ድረስ ውሃ ውስጥ ከቆየች ትበሰብሳለች፣ ብርድም ይገድላታል። በዚያ ላይ በሐይቁ ዳር ከሚውሉት የዱር አእዋፍ በሽታ ልታመጣ ትችላለች። ዳክዬ የፈንግልን ቫይረስ ይዛም ብዙ ጊዜ ሳትታመም ስለምትቆይ፣ ከእርሷ ጋር የሚያድጉት ዶሮዎች ክትባታቸው መጓደል የለበትም።

የክትባቱን ጉዳይ በተመለከተ ጎረቤቶቻችንም ተጠቃሚ ሆነዋል። ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚመረተው የፈንግል ክትባት የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ስለሆነና አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ ጥቂት ዶሮ ያለው ሰው ለብቻው ገዝቶ መጠቀም ይከብደዋል። እትዬ ዶሮ ያላቸውን ቤቶች በአንድ ቀን ያስተባብሩና፣ ክትባቱን በረዶ በያዘ ፔርሙስ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ይከትባሉ፤ ዋጋውንም በዶሮ ቁጥር ያካፍላሉ።

ዳክዬዋ አሁን ድምፅዋ ጎልቶ ሴት መሆኗ ታውቋል። ወንድ ብትሆን ኖሮ ሴት ዶሮዎችን ሊጎዳ ስለሚችል ከመንጋው መለየት እንደሚኖርብን እትዬ አስቀድመው ነግረውን ስለነበር፣ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ጓደኛ የምትሆናትን ለማስፈልፈልም ዘመዶቻችን ሌላ እንቁላል ልከውልን ማሽን ገብቷል።

አገልግሎታቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ማሽናቸው ትንሽ ስለሆነ ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል። የምትወስዱት እንቁላል ከተጣለ ሳምንት ያላለፈው፣ ያልታጠበና ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ የዳክዬና የዶሮ እንቁላል አንድ ላይ ማስፈልፈል የምትሹ ደግሞ የዳክዬውን ሳምንት አስቀድማችሁ ውሰዱ።