ቅዳሜ ጠዋት ቶሞካ

ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ስውል የምናፍቃት ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ናት። ከሜክሲኮ ታክሲ ይዤ ፒያሳ እወርድና ቀጥታ ወደ ቶሞካ። ቤቱ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በሩ ጋ ሳትደርሱ የቡናው ሽታ ይቀበላችኋል።

ወንበር ፍለጋ አትድከሙ፤ እዚያ ቡና የሚጠጣው ቆሞ ነው። እኔ ይሄን በጣም እወደዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሌላ ካፌ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ሲመጣም ቀዝቅዟል። እዚህ ግን ደረሰኙን ሰጥቼ ብዙም ሳልቆይ ስኒዋ ፊቴ ናት። ታች ጥቁር፣ መሃል ቡናማ፣ ላይ ነጭ አረፋ። ስኳሩን ሳላማስል ግማሹን እጠጣለሁ፤ መራራው ይቅደም። ከዚያ አማስዬ ጣፋጩን እጨርሳለሁ።

ዛሬ ጋዜጣ የያዙ አንድ አባት "ነይ ልጄ፣ ጠጋ በይ" ብለው ቦታ ሰጡኝ። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ዝናቡ አወራን። ለእኔ ከቡናው እኩል የሚጣፍጠኝ ይሄ ነው።

ስወጣ ለእማዬ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ያዝኩላት። እናንተም ስትገዙ ለጀበና ከሆነ ሳይፈጩት በፊት ንገሯቸው።